እትዬ ራውዳ ከባቡር ላይ ያዩዋቸው መስኮቶች

የእትዬ ራውዳን ማረፍ የነገረችኝ ልጃቸው ነጃት ናት። የሱቄን በር ከፍቼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። «ወልዴ፣ እማዬ ለሱብሒ ሶላት ሳትነሳ ቀረች» አለችኝ።  ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው እንኳ ትዝ አይለኝም።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ሞልተው አገኘሁ። ከእትዬ ራውዳ ጋር ግድግዳ ተካፍለን ስንነግድ የኖርን ነንና ዘመዳቸውንም ደንበኛቸውንም የማላውቅ አይመስለኝም ነበር። እነዚህ ግን የመርካቶ ሰው አይመስሉም። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ የቢሮ ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት፤ ሁሉም ከልባቸው አዝነዋል። አጠገቤ የተቀመጡትን ሸበቶ ሰውዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለሟች ምናቸው ነዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም» አሉኝ። «በባቡሩ ምክንያት ነው የተዋወቅነው።»

እኔ በደንብ ገባኝ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግን ግራ የሚያጋባ መልስ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሱቆቻችን ጎጃም በረንዳ፣ አሁን ባቡሩ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ናቸው። እኔ ከአባቴ በወረስኩት ሱቅ ዚፕ፣ ቁልፍና ክር እሸጣለሁ። በስተቀኜ እትዬ ራውዳ መጋረጃ ይሸጡ ነበር፤ በስተግራዬ ደግፌ የሚባል እኩያዬ ጆንያ ያከፋፍል ነበር። እትዬ ራውዳ የወሎ ሴት ናቸው። ባላቸው አግብተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ደግሞ ሱቁን እሳቸው ያዙት። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። ሲያወሩ የሰው ልብስ ጫፍ መያዝ ይወዳሉ። እጅጌህን ወይም የኮትህን ጫፍ በሁለት ጣታቸው እያሹ ነው የሚያጫውቱህ። ወሬውን መሃል ላይ አቁመው፣ «ይሄ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ ከማን ነው የገዛኸው?» ይሉና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ፣ ዕቃ የሚያራግፍላቸውን መኪና ሊከስ መጥቶ እየተቆጣ ሳለ እጅጌውን ያዙት። ስለ ደንብ ልብሱ ገበር ሲያስረዱት፣ መኪናው ዕቃውን አራግፎ ጨርሶ ሄደ።

ሌላው ጠባያቸው አለማመን ነበር። ሰው ያወራውን አይቃወሙም፤ ግን አይዋጥላቸውም። «በወሬ ዓይኔ አይሞላም፤ እስቲ ሄጄ ልየው» ይላሉ። አንዋር መስጊድ አካባቢ ያለ አንድ ፎቅ ተሰነጠቀ፣ ሊወድቅ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሲታመስ፣ እሳቸው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ። ስንጥቁን በጣታቸው ዳስሰው ተመለሱና፣ «ቀለም ነው የተላጠው፤ ሥራችሁን ሥሩ» አሉን።

የባቡሩ ሥራ ሊጀመር ሲል ነጋዴዎች ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ሰው ከከተማው ጫፍ ሁሉ እየተሳፈረ መጥቶ እደጃችን እንደሚወርድ፣ ገበያውም እንደሚደራ ሰማን። ብዙዎቻችን ደስ አለን። ደግፌ ብቻ እጁን አውጥቶ፣ «ሰውስ ይምጣ፤ የእኔን ጆንያ የሚጭነው መኪና የት ይቆማል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው በሌሎች ጥያቄዎች ተዋጠ። ከስብሰባው ስንወጣ እትዬ ራውዳ የሸሚዙን እጅጌ ይዘው፣ «ጥሩ ነው የጠየቅከው» አሉት።

ከዚያ መንገዱ ተቆፈረ። መንገድ ሲቆፈር ማንም ነጋዴ ይጎዳል፤ መጋረጃ ሻጭ ግን የባሰ ነው። አቧራው በር ቢዘጋም ይገባል። ነጩ ጨርቅ ቡኒ ሆነ። እትዬ ራውዳ ጣቃውን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ሰው ሲመጣ እየፈቱ፣ ሲሄድ እየጠቀለሉ ከረሙ። ደንበኛም ጉድጓዱን በጣውላ ተሻግሮ ከሚመጣ፣ መኪና ወደሚገባበት ወደ ሌላው የመርካቶ ክፍል መሄድ ለመደ። ሥራው አልቆ ሐዲዱ መሃል መንገዱን ይዞ ግራና ቀኙ ሲታጠር ደግሞ፣ ማዶ ያለ ሰው ወደ እኛ ለመምጣት መሻገሪያው ድረስ መዞር ግድ ሆነበት።

በሱቁ ላይ ድርሻ ያላቸው የባላቸው ወንድም ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ገበያ የሌለው ሱቅ ማየት ያማቸዋል። አንድ ቀን መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና፣ «ራውዳ፣ እስከ ዒድ እንየው» አሉ። «ካልሆነ ለሞባይል ዕቃ የሚከራይ ሰው አለኝ። አንቺም ነጃት ጋ ሆነሽ ትንሽ ትረፊ።»

እትዬ ራውዳ፣ «ኢንሻአላህ» ብቻ አሉ። ሐጂ ሰይድ ከሄዱ በኋላ ግን አንድ ጣቃ ጨርቅ ፈትተው፣ ምንም ሳይሠሩበት መልሰው ሲጠቀልሉት አየኋቸው። ማረፍ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ባቡሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን ሁላችንም ደጃችን ላይ ቆመን ነበር። ባቡሩ መጣ፤ ሰው ወረደ፤ ወርዶም አለፈ። ግማሹ ወደ አውቶቡስ ተራ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ወደ ገበያው እየተጣደፈ ሄደ። በእኛ በኩል የሚያልፈውም ቢሆን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ደግፌ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ይኸው ደራልን!» እያለ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

እትዬ ራውዳ አልሳቁም። መንገደኛ እያስቆሙ መጠየቅ ያዙ። «ከየት መጣሽ የኔ እናት? ምን ልትገዢ? ቤትሽ የት ነው?» የሚመልስላቸው አለ፤ የሚሸሻቸው አለ። ትንሽ ቀናት እንዲህ ከቆዩ በኋላ፣ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ የሱቃቸውን በር ወርውረው ዘጉና እኔ ጋ መጡ።

«ወልዴ፣ ሚስትህ ሱቅ ውስጥ ናት አይደል?»

«አለች።»

«ተነስ፣ ባቡር እንሳፈር።»

«ወዴት?»

«እሱን ስደርስ ነው የማውቀው። እዚህ ቁጭ ብዬ የሚወርዱትን ብቻ አያለሁ። የሚመጡበትን አላየሁትም።»

ደግፌ ሰምቶ፣ «ገበያ ፍለጋ ገበያውን ጥለው ይሄዳሉ እንዴ እትዬ ራውዳ?» አላቸው።

«ሱቄን ጠብቅልኝ» አሉት።

ተሳፈርን። መጀመሪያ ላይ ያደረጉት የሰዎችን ልብስ ማየት ነበር። ከአንዷ የሹራብ ዋጋ ጠየቁ፤ ከሌላዋ ስለ ሻርፕዋ ተጨዋወቱ። ባቡሩ ዳርማርን አልፎ ወደ ልደታ ሲቃረብ ከመሬት ተነስቶ በድልድይ ላይ መሄድ ጀመረ። እትዬ ራውዳ በድንገት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።

«አየህ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አንሶላ ነው የሰቀለችው። ቀይ አበባ ያለው። ያኛው ደግሞ ጋዜጣ ለጥፏል። ያቺን እያት! ምንም የላትም፤ ምሳዋን ስትበላ ቁጭ ብዬ አየሁ።»

እኔም አየሁ። የፎቆቹ መስኮት በባቡሩ መስኮት ትክክል ነው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ልጅ የምታባብል ሴት፣ ሁሉም እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድሮ እያየነው ያልፋል።

«ይሄን ቤት በዚህ ከፍታ ድሮ የሚያየው ወፍ ብቻ ነበር» አሉ እትዬ ራውዳ። «አሁን እኛ መጣንባቸው።»

ልደታ ወረድን። ቀይ አበባ ያለው አንሶላ የተሰቀለበትን ቤት ለማግኘት ፎቆቹን ስንዞር ቆየን። እኔ ሊያሳፍረን ነው ብዬ ወደ ኋላ እላለሁ፤ እሳቸው ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ወጡት። አንኳኩ። በሩ በትንሹ ተከፈተና ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ብቅ አለች።

«ማን ልበል?»

«ራውዳ እባላለሁ። መርካቶ መጋረጃ እሸጣለሁ።»

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።»

«አውቃለሁ፣ አልጠራሽኝም። ከባቡር ላይ አይቼሽ ነው የመጣሁት። አንሶላው በጎን በኩል ተገልጧል። ልብስ ታጥፊ ነበር።»

ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። «ከዚያ ድረስ ይታያል?»

«ሁሉም ይታያል የኔ እናት። የምታጥፊው ልብስ ጭምር ይታያል።»

በሩ ድው ብሎ ተዘጋ። እኔ እጃቸውን ይዤ፣ «እንሂድ» አልኳቸው። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እዚያው ቆመው የመተላለፊያውን መስኮት በዓይናቸው ይለካሉ። ጥቂት ቆይቶ በሩ እንደገና ተከፈተ።

«ሌላስ ምን ምን ይታያል?» አለች ሴትየዋ።

ሰላማዊት ትባላለች። ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ እግራቸው ተሰብሮ የተኙ እናቷ ነበሩ። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በዚያ በኩል የሚያይ ሰው ስላልነበረ መጋረጃ አስባ አታውቅም። ባቡሩ ሲጀምር ያገኘችውን አንሶላ ሰቀለች። እናቷን ማጠብ ስትፈልግ በወንበርም በካርቶንም ደጋግፋ ትሸፍናለች። ይሄን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። እትዬ ራውዳ የሹራቧን እጅጌ ይዘው እስክትጨርስ አደመጧት፤ ከዚያ ከቦርሳቸው ሜትር አውጥተው መስኮቱን ለኩ።

ወፍራም፣ የሚያምር፣ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ሰፍተው ራሳቸው ወስደው ሰቀሉላት። ስንወጣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰላማዊት ደወለች። እናቷ ምግብ እምቢ ብለዋል። «መቃብር ውስጥ አስገባችሁኝ» እያሉ ነው። ለካ አንሶላው ሲገለጥ በዚያች ክፍተት ባቡሩን ያዩ ኖሯል። ባቡሩ ሲያልፍ ማየት ነበር የቀራቸው ጨዋታ።

እትዬ ራውዳ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «የምትታየዋን አሰብኩ፤ የምታየዋን ረሳሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ዛሬም ያስቀኛል። እትዬ ራውዳ ከሱቃቸው ስስ ስስ ጨርቆችን መርጠው ለሰላማዊት ሰጧት። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳይ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የማያሳይ የትኛው እንደሆነ ሻጭም ልብስ ሰፊም የየራሱን ይናገራል። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው በወሬ ዓይናቸው አልሞላም። ሰላማዊት አንዱን ጨርቅ ትሰቅላለች፤ እኛ በባቡር እናልፋለን። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው። ፎቁ ሲቃረብ ይጮሃሉ፦ «ቁሚ! አሁን ቁሚ! እጅሽን አወዛውዢ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል።

የመጀመሪያው ጨርቅ ምንም አልደበቀም። ሰላማዊት እጇን ስታወዛውዝ፣ ባቡሩ ውስጥ በእሷ ቤት በኩል የቆመ አንድ ተሳፋሪ ሰላምታ መስሎት መለሰላት። ሁለተኛው ጥላዋን አሳየን። ወረድን፤ ተመልሰን ተሳፈርን። ሦስተኛው ሲደርስ እትዬ ራውዳ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አፈጠጡ። ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር የሚታየው።

«አላየሁሽም!» ብለው ጮኹ። «አልሐምዱሊላህ፣ አላየሁሽም!»

ከስልኩ ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ ከሩቅ ሲጮህ ሰማሁ፦ «እኔ ግን አየኋችሁ!»

ያን ጊዜ ባቡሩ ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ጠጋ ብለው፣ «እናት፣ ማንን ነው እንደዚህ ያላዩት?» አሏቸው። እትዬ ራውዳ ታሪኩን ነገሯቸው። ወፍራሙም እንደማይጣል፣ ማታ መብራት ሲበራ ስሱ ጨርቅ ከውጭ ስለሚያሳይ ያኔ ወፍራሙ እንደሚጋረድ ጨምረው አስረዱ። ሰውየው ትንሽ አሰቡና፣ «የእኔም ቤት ከሐዲዱ አጠገብ ነው። ያዩልኝ ይሆን?» አሉ። ለቅሶው ላይ አጠገቤ የተቀመጡት፣ ያኔ መልካቸውን ያላስታወስኩት፣ እኚህ ሰው ነበሩ።

በዚህ ሁኔታ ነው ሥራው የተነሳው። ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋገረ። እትዬ ራውዳ ጠዋት ሱቅ ይከፍታሉ፤ ከሰዓት ለነጃት ትተው ይሳፈራሉ። አንድ ልብስ ሰፊም ቀጠሩ። እኔም ከዚያ ወዲህ የመጋረጃ ቀለበትና መንጠቆ መሸጥ ጀመርኩ። ለዒድ ሐጂ ሰይድ የሞባይል ነጋዴውን አስከትለው ሲመጡ፣ ሱቁ ውስጥ የሚቆሙበት ቦታ አጡ። የልብስ ሰፊው መኪና ይጮሃል፤ ጣቃው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ሐጂ ሰይድ ዞር ዞር ብለው አዩና ለሰውየው፣ «አንተ ልጅ፣ ሌላ ቦታ እንፈልግልህ» አሉት።  እትዬ ራውዳ ጣቃውን ከመንገድ አንስተው ለሐጂ በርጩማ አቀረቡ።

አንድ ቀን፣ «እትዬ ራውዳ፣ ያበላዎት ባቡሩ ነው ወይስ እግርዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ነገሩ እውነት ያሳስበኝ ነበር። የተነገረን ሰው ወደ እኛ እንደሚመጣ ነው፤ የሆነው ግን እሳቸው ወደ ሰው መሄዳቸው ነው።

«ባቡሩ ባይኖር መስኮቱን ማን ያየው ነበር?» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ባቡሩስ ቢሆን ወርዶ በር አያንኳኳም» አሉኝ። የቱን እንደመለሱልኝ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ደግፌ ግን በዚያው ልክ እየከሳ ነበር። የእሱ ደንበኞች ከክፍለ ሀገር በጭነት መኪና የሚመጡ የእህል ነጋዴዎች ናቸው። መኪና የሚቆምበት ጠፋ። ጋሪ የሚገፉት ልጆችም ዙሩ ስለረዘመባቸው ዋጋ ጨመሩ። ደንበኛው አንድ በአንድ መኪና ደጁ ድረስ ወደሚገባለት ሱቅ ሄደ። አንድ ጠዋት እትዬ ራውዳ ሲስቁ ሰምቶ፣ «እርስዎን ያበላ ባቡር ነው እኔን የሚያስርበኝ» አላቸው።  ከዚያ በኋላ ሰላምታቸውን መመለስ ተወ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ፣ «ደግፌ፣ እንዴት አደርክ?» ማለታቸውን አልተዉም። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ሰላምታው በሱቄ ደጅ አልፎ ሲሄድ፣ መልሱ ሳይመጣ ሲቀር እሰማለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጋዜጠኛ ካሜራ የያዘ ባልደረባውን አስከትሎ መጣ። ባቡሩ ለሰፈሩ ንግድ ምን እንዳመጣ እያጠያየቀ ነበር። ሰዎች የእትዬ ራውዳን ታሪክ ነግረውታል። ማይኩን ሲያቀርብላቸው እጅጌውን ያዙና፣ «እኔን ጠቅሞኛል፤ እሱን ሳትጠይቅ ግን የእኔን አትውሰድ» ብለው ወደ ደግፌ ጠቆሙት። ጋዜጠኛውም ጨዋ ልጅ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆማቸው።

ደግፌ ጀመረ። «ባቡር አልጠላም። ግን መርካቶ ማለት ጭነት ነው። ሰው ብቻውን መጥቶ ምን ያደርግልኛል?»

«ሰው ይዞት የሚሄድ ነገር ብትሸጥስ?» አሉት እትዬ ራውዳ።

«አባቴም ጆንያ ነው የሸጠው!»

«ባሌም መጋረጃ እቤት ድረስ ተሸክሞ ሄዶ አያውቅም።»

«እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። መስኮት ሁሉም ቤት አለ። ጆንያ የሚፈልግ በባቡር ሲያልፍ አይታይም!»

«እሱን ገና አላየሁትም» አሉ እትዬ ራውዳ። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛውን ሁለቱም ረሱት። ልጁ ማይኩን ይዞ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል ቆይቶ አመስግኖ ሄደ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ከእኛ ሰፈር ያየ የለም።

እትዬ ራውዳ ግን ነገሩን አልተዉትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሳፈሩ የሚያዩት መስኮት ብቻ አልነበረም። በሐዲዱ ዳር ያሉ ወፍጮ ቤቶችን፣ የከሰል መሸጫዎችን፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበሰብባቸውን ግቢዎች እየወረዱ ጠየቁ። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ሄደው የተመለሱበት ቀን ነበር። በስተመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ደክሟቸው፣ አቧራ ለብሰው መጡና ደግፌ ደጅ ላይ ቆሙ።

«ደግፌ፣ ስፈልግልህ ከረምኩ» አሉ። «አላገኘሁልህም። የሚፈልግ አለ፤ በባቡር የሚሸከምልህ ግን የለም። ልክ ነበርክ።»

ደግፌ የተቀመጠበት ጆንያ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አያቸው። «ማን ፈልጉልኝ አለዎት?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግማሹ ሳይወጣ እንባው ቀደመው። ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ጆንያው አዞረ። እትዬ ራውዳ ከጎኑ ተቀመጡና የጆንያውን ጫፍ ማሸት ጀመሩ።  «እዚህ አትሁን፤ መኪና የሚቆምበት ሂድ። እኔም ብሆን እሄድ ነበር» ብቻ አሉት።

አስኮ አካባቢ መጋዘን ተከራየ። ዕቃው የተጫነ ቀን እትዬ ራውዳ ሱቃቸውን ለነጃት ትተው ከሹፌሩ አጠገብ ወጡ። «አዲሱን ቦታ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። እዚያ ደርሰው መንገዱን አዩ፤ መኪና የሚቆምበትን በእግራቸው ሄደው ለኩ፤ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ተዋወቁ። ሲመለሱ እኔን፣ «ቀስ ብሎ ይሆንለታል፤ ግን እንደ እዚህ አይሆንለትም» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። ደግፌ አልወደቀም፤ የድሮውን ያህልም አልሆነም። የእሱ ሱቅ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ከባቡር የሚወርዱ ወጣቶች ቆም ይሉና ይገዛሉ። እኔም አንዳንዴ ደጄ ላይ ቆሜ፣ ይሄ ሰፈር አደገ ወይስ ሰው ተቀያየረ እያልኩ አስባለሁ። እትዬ ራውዳ ቢኖሩ ኖሮ ሄደው ያዩልኝ ነበር።

በመጨረሻ ልባቸው ደከመ። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ነጃት ከከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ወሰደቻቸው። እዚያ ባቡር የለም። ሊፍት ያለው ፎቅ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ከደግፌ ጋር ተቀጣጥረን ልንጠይቃቸው ሄድን። አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ላይ መጋረጃ የለም፤ ዘንጉ እንኳ ወልቋል። የከሰዓት ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነው።

ነጃት ሳንጠይቃት፣ «ሰቅዬላት ነበር፤ አስወለቀችኝ» አለች።

ደግፌ ሳቀ። «መጋረጃ ሻጭ ሆነው!»

«ለሚደብቅ ሰው ነው የምሸጠው» አሉ እትዬ ራውዳ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «እኔ ምን የምደብቀው ቀረኝ? ደግሞ እዚህ ሰፈር አዲስ ነኝ፤ ማን ምን እንደሚሠራ ገና አላወቅኩም።»

ስለ ሰፈር ሁሉ ጠየቁን። ስለ ሰላማዊት፣ ስለ እናቷ፣ የእኔ መንጠቆ ይሸጥ እንደሆነ፣ ደግፌ ጋ መኪናዎቹ በየትኛው በኩል እንደሚቆሙ። ደግፌ በቆመበት ስለ አንድ አዲስ ደንበኛው በሰፊው መተረክ ጀመረ። እትዬ ራውዳ ትንሽ አዳመጡትና የኮቱን ጫፍ ያዙ። ጨርቁን ሊያዩ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብለው ወደ ጎን ሳቡት።

«ደግፌ፣ ጥቂት ፈቀቅ በልልኝማ» አሉ። «ያቺ ሴትዮ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።»